በፍልሰታ ያልለካሁት ወንዝ

በየትኛው ዓመት እንደ ነበረ በልኩ አላስታውስም። ዘመነ ማርቆስ ይመስለኛል፤ ባለቤቴ በሕይወት ሳለች ግን «የለም፣ ሉቃስ ነው፤ ሁለተኛዋን ልጃችንን የማጠባበት ክረምት ነው» ትለኝ ነበር። እሷ ካለች ትክክል ናት። እኔ የማውቀው ባቡሩ እንፋሎቱን ትቶ በናፍታ መሄድ ከጀመረ በኋላ መሆኑን ነው፤ አቃቂም ላይ ፋብሪካው በሦስት ፈረቃ ያሠራ ነበር። ዓመቱ ቢጠፋኝም ያደረግሁት ነገር አልጠፋኝም። ይጥፋልኝ ብዬ የለመንኩበት ጊዜም ነበር።

የሐዲድ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራችን ጠጠር መሙላት፣ ብሎን ማጥበቅ፣ የበሰበሰ እንጨት መለወጥ ነው። ትምህርቴ ፊደልና ዳዊት ሲሆን፣ ዳዊቱንም ሳልጨርስ አባቴ ሞተና ተውኩት። ቁጥር ያስተማረኝ ሐዲዱ ነው፤ በየኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ለመድኩ። ቤቴ ከአቃቂ ወንዝ ድልድይ በላይ ነበረች። አንድ ቀን ከመንግሥት መጣን ያሉ ሰዎች በድልድዩ የድንጋይ እግር ላይ ነጭና ጥቁር የተቀባ፣ በቁጥር የተሸነሸነ ረጅም ሰሌዳ መቱ። ማን ያነብልናል ሲሉ ካፖአችን፣ የሐዲድ ሥራው አለቃ፣ እኔን ጠቆመ። ሥራው ጧት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ወርዶ ውኃው የነካውን ቁጥር በደብተር መጻፍ ነው። በየወሩ መጨረሻ አንድ ሰው በባቡር መጥቶ የተጻፈበትን ይወስዳል፣ ባዶውን ይሰጠኛል።

ትንሽ አበል ነበረው። ከአበሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን ደብተሩ ነው። እንደኔ ላለ ሰው የመንግሥት ደብተር በብብቱ ይዞ በሰፈር ማለፍ ቀላል ነገር አልነበረም። ሰዎቹ «ውኃ ቆጣሪው» ይሉኝ ጀመር። እነሱ ለቀልድ ይሉታል፤ እኔ እንደ ማዕረግ እሰማዋለሁ።

በመጀመሪያው ዓመት አንድም ቀን አላጓደልኩም። በሁለተኛው ዓመት ጥምቀት ዕለት ቀረሁና በማግስቱ የሁለቱን ቀን አንድ ላይ ጻፍኩ። በበጋ ወንዙ እንደ ተኛ ላም ነው፤ ትናንትና ዛሬ የለውም። ማን ተጎዳ? አልኩ ለራሴ። ከዚያ ለቅሶ ሲኖር እንዲሁ አደረግሁ፣ ክርስትና ስንጠራም እንዲሁ። እንዲህ እንዲህ እያለ እጄ ለመደ።

ከዚያ ያ ፍልሰታ መጣ። ትንሿ ልጃችን ታማብን ስለ ነበር፣ ከዳነች ሱባኤ እገባለሁ ብዬ ለእመቤታችን ተስዬ ነበር፤ ዳነች። ከሐዲዱ ሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ወንዙን ግን ማን ፈቃድ ይሰጠዋል? ለአንዱ ባልደረባዬ አደራ ልበለው ብዬ አሰብኩና፣ ደብተሩን አንዴ ከያዘ የሚመልስልኝ አልመስል አለኝ። ባለቤቴ ቁጥር አታነብም። «አንተ ምልክቱን አሳየኝ፤ እኔ በከሰል ግድግዳው ላይ እየጫርኩ ልጠብቅህ» ብላኝ ነበር። ሳቅሁባት። ዛሬ ሳስበው በዚያ ቤት ውስጥ ከሁለታችን የሚለካ ሰው እሷ ነበረች።

ሐምሌ ሠላሳ ከሰዓት በኋላ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩና የሚመጣውን የአሥራ አምስት ቀን ወንዝ አስቀድሜ ጻፍኩት። አንድ ቁጥር ብደጋግም እንደሚያስታውቅብኝ ገብቶኛል። ስለዚህ አንዱን ቀን ከፍ፣ አንዱን ቀን ዝቅ አደርጋለሁ፤ ዝናቡ የሚጥለው ከሰዓት በኋላ ነው ብዬ የማታውን ከጧቱ አስበልጣለሁ። እኩሌታው ላይ ስደርስ እርሳሴን ቀረጽኩት። ለምን ቢባል፣ ጽሕፈቱ ሁሉ በአንድ ቀን የተጻፈ እንዳይመስል። ይህን እርሳስ መቅረጼን ለንስሐ አባቴ ለመናገር ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል። የቀረውን ስንፍና ልትሉት ትችላላችሁ። እርሳስ መቅረጽ ግን ስንፍና አይደለም።

ሱባኤውን ጥሬ እየቆረጠምኩ፣ ቅዳሴ እያስቀደስኩ ከረምኩ። በአንደኛው ሳምንት ማለቂያ ላይ ሁለት ቀን ሙሉ ሳያባራ ዘነበ። ከሌሎቹ ሱባኤተኞች ጋር ጥጋችንን ይዘን ተቀምጠን ሳለ «ወንዙ ዛሬ ምን ያህል ይሆን?» የሚል ሐሳብ መጣብኝ። ወዲያው ደግሞ «ጽፌዋለሁ እኮ» አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ በእርሳስ ካሰፈርኩት ወንዙ የሚወጣ አልመሰለኝም ነበር።

ጾሙ ተፈትቶ ስመለስ ቤቴ ሳልገባ ወደ ድልድዩ ወረድኩ። ውኃው ተመልሶ ጎድሏል። ሰሌዳው ግን ከላይ እስከ ታች ጭቃ ለብሷል፤ ጫፉ ላይ ሣርና ገለባ ተጠምጥሞበታል። ከድልድዩ በታች ያለው መስክ ሣሩ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተኝቷል። እኔ በደብተሬ ያሰፈርኩት ትልቁ ቁጥር የሰሌዳውን እኩሌታ አያልፍም።

ያን ጊዜ መጻፍ ይቻል ነበር። «እኔ አልነበርኩም፤ ውኃው ግን እዚህ ደርሶ ተመልሷል» ማለት ብቻ ነው። እኔ ያደረግሁት ምንድን ነው? ሣር ነቀልኩና ድንጋዩ ላይ ተንጠላጥዬ ሰሌዳውን ወለወልኩት። በወሩ መጨረሻ የሚመጣው ሰው ጭቃውን አይቶ ደብተሬን እንዳይጠራጠር ነው። ገለባውን አንድ በአንድ ፈትቼ ወንዙ ላይ ጣልኩት። ሰሌዳው አዲስ መሰለ። ደብተሩም ሄደ። ማንም ምንም አላለኝም።

ሦስት ዓመት ይሁን አራት ዓመት አለፈ። የፋብሪካና የሐዲድ ሠራተኞች ቤት መሥሪያ ቦታ ለማግኘት ማኅበር አቋቋሙና ያንን መስክ ጠየቁ። ሜዳ ነው፣ ለሥራ ቅርብ ነው፣ ውኃ ለመቅዳትም ምቹ ነው። እኔ ጎጆዬ ስለ ነበረችኝ በቦታ ጠያቂዎቹ ዝርዝር የለሁበትም። ቦታውን የሚፈቅዱት ሰዎች ታዲያ የውኃ ዐዋቂ መጥቶ አይቶ ካልመሰከረ አንፈርምም አሉ። ማኅበሩም ከከተማ አንድ አማካሪ አስመጣ።

አማካሪው ቀጭን ወጣት ነው፤ ሱሪውን ቦቲው ውስጥ ከትቶ በጧቱ ባቡር ወረደ። አካፋ አልያዘ፣ ጉድጓድ አልቆፈረ፤ ይዞራል፣ ይጠይቃል፣ ይጽፋል። የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ነገር ቶሎ እንዲያልቅ የሚወድ ሰው ነበርና፣ ይህ ሰው በመጨረሻ የሚሠራልን ምንድን ነው ብሎ አጉረመረመ። ልጁ ሰማውና ሳይቀየም፣ እኔ እንደ ሐኪም ነኝ፣ በሽተኛውን አይቼ የሚበጀውን ነግሬ እሄዳለሁ፣ መድኃኒቱን መዋጥ የናንተ ፈንታ ነው አለው። ከዚያ ወዲያ «የውኃ ሐኪሙ» ተብሎ ቀረ።

እኔን ሲያገኘኝ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ከቦርሳው የወፈረ ወረቀት አወጣ። የኔ ቁጥር ነው፤ የየዓመቱ ሁሉ፣ በንጹሕ ተገልብጦ።

«ጋሼ፣ እርስዎን ሳላይዎት ነው የማውቅዎት» አለኝ። «ብዙ ወንዝ አይቻለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ያልተጓደለበት መዝገብ ያየሁት የእርስዎን ብቻ ነው።»

ባለቤቴ ይህን ሰምታ ደስታዋን አልቻለችውም፤ ካልበላህ አትሄድም ብላ ቤታችን አስገባችው። የጾም ቀን ነው፣ ሽሮ ቀረበ። እየበላ ስለ ሥራው ያጫውተናል። እኔ ያን ሁሉ ቁጥር የሚደምረው መስሎኝ ነበር። «የለም» አለ፤ «ከዚህ ሁሉ የምፈልገው አንዱን ነው፣ ትልቁን። ወንዝ አንዴ የደረሰበትን ቦታ አይረሳም። ከዚያ በታች ሰው አላስተኛም።» ባለቤቴ ደጋግማ አጉርሺኝ ያላት ይመስል ታጎርሰዋለች። ለመናገር አፌን የከፈትኩ መስሎኝ ነበር፤ «ውኃ ጨምሪለት» ነው ያልኩት።

ከምሳ በኋላ መስኩ ላይ ሰው ተሰበሰበ። አማካሪው፣ መዝገቡ አንድ ነገር ይላል፣ ዓይን ደግሞ ሌላ ሊያይ ይችላል፤ ውኃ እዚህ ሜዳ ላይ ሲወጣ ያየ ሰው አለ? ብሎ ጠየቀ። ሁሉም ቤቱን በልቡ ሠርቶ ጨርሷል፤ አንዳንዱማ አጥሩን ሁሉ አጥሯል። ማን ይናገር? አንዱ ሸማኔ «እዚህ? እንኳን ውኃ እንቁራሪትም ደርሶ አያውቅ» አለ፤ ተሳቀ። ሊቀ መንበሩም አባቱ በሕይወት ሳለ እንዲሁ ይል እንደ ነበር መሰከረ። አባቱ የመንዝ ሰው መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሰዎቹ ኋላ አንዲት ሴት ቆማለች። የፋብሪካና የሐዲድ ሠራተኛ ቱታ ተቀብላ ወንዝ ዳር የምታጥብ፣ ሦስት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት ናት። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ ነው የምላት። ስሟ ከዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ አይደለችም ተብሎ በስንት ልመና የገባች። ምንም አልተናገረችም። አየችኝ፤ እኔ ጫማዬን አየሁ።

አማካሪው፣ መዝገቡም ከናንተ ጋር ይስማማል አለና ችካል የሚተከልበትን በግምት አሳያቸው። በከሰዓቱ ባቡር ተመልሶ ጽሑፉን ሊያዘጋጅ ወደ ጣቢያው ሄደ። ሰው እየተጨባበጠ ተበተነ። ሊቀ መንበሩ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ደብተርህ ባለ አገር አደረገን» አለኝ።

ወደ ቤቴ ስወጣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። እትዬ ናት፤ የልብስ ቋጠሮዋን አዝላለች።

«አንተ ወንድሜ» አለችኝ፣ «ያ የፍልሰታው ውኃ በደብተርህ የለም እንዴ?»

እንድታልፍ መንገዱን ለቀቅሁላት፤ አላለፈችም።

«እኔ እኮ ዝም ያልኩት ደብተሩ እያለ የአጣቢ ወሬ ምን ይሠራል ብዬ ነው። አፌን ከፍቼ ሰው ዓይን ውስጥ ከምገባ፣ እሱ ጽፎታል፣ ሐኪሙ ያነበዋል አልኩ። አነበበ፤ የለም አለ። ምነው?»

«እትዬ፣ ያን ጊዜ አልነበርኩም። ሱባኤ ገብቼ ነበር።»

«ታዲያ ያልነበርክበትን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

ቋጠሮዋን አወረደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀስ ብላ ያን ቀን ያየችውን ነገረችኝ። ዝናቡ ጋብ ሲል ቱታውን መስኩ መካከል ቁጥቋጦ ላይ አስጥታው ነበር። ውኃው ከፊት ሲመጣ አይታ ልብሱን ለመሰብሰብ ዞር ስትል፣ ከኋላዋም መጥቷል። ሕፃኗን ብቻ ታቅፋ ሐዲዱ ወደ ተዘረጋበት ከፍ ያለ የአፈር ድልድል ሮጠች። በሦስተኛው ቀን ልብስ ፍለጋ ስትዞር አንድ ሱሪ መስኩ ላይ ካለው ግራር ባላ ላይ ተሰቅሎ አገኘች። እጇን ዘርግታ ስላልደረሰችበት በዱላ ነው ያወረደችው።

«እኔም ይኸው ያን እያወቅሁ፣ የኔ ሦስቱ እዚያ እንዲተኙ ስሜን አስጻፍኩ» አለች። «በደብተሩ ከሌለ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ልል ነበር ዛሬ። ና፣ ባቡሩ ገና አልመጣም።»

መንገዱ አጭር ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። ሁለት ጊዜ ቆምኩ። አላስቸኮለችኝም፤ እሷም አብራኝ ትቆማለች።

አማካሪው ጣቢያው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ይጽፋል። ሲያየኝ ደስ ብሎት ተነሣ። እኔም፣ እዚያ ደርሼ እንኳ፣ ሌላ ውሸት ጀመርኩ። «ጌታዬ፣ በደብተሩ አንዳንድ ቦታ ላይ እርሳሱ ደብዝዞ ይሆናል፤ ሲገለበጥ ተሳስተው እንዳይሆን…»

«ኧረ የለም ጋሼ። የእርስዎ ጽሕፈት እኮ ጥርት ያለ ነው።»

እትዬ ከኋላዬ ቆማለች። አላቃለለችኝም፣ አልጎተጎተችኝም። መቆሟ ብቻ ይሰማኛል።

«ጥርት ያለው ቤቴ ቁጭ ብዬ ስለ ጻፍኩት ነው» አልኩት። «ወንዙን ሳላየው።»

የተቀረውን ነገርኩት፤ ሱባኤውን፣ ሰሌዳውን መወልወሌን ሁሉ። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ቢጮህ በወደድኩ። የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጠየቀኝና ገጹን አወጣ፤ አሥራ አምስቱንም ቀን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዛቸው። ከዚያ ቀና ሳይል «ሌላስ?» አለ።

ይህች «ሌላስ» ከጩኸት ትከብዳለች። ጥምቀትን ነገርኩት። ሰረዘ። «ሌላስ?» የአማቴን ለቅሶ ነገርኩት። ፋሲካን፣ የልጄን ክርስትና፣ አሞኛል ብዬ የተኛሁበትን፣ ሳያመኝ የተኛሁበትንም። የማላስታውሰው እንዳለ ስነግረው፣ የማያስታውሱትን አስታውሳለሁ እንዳይሉኝ ብቻ አለኝ። ወረቀቱ ቀላ። በዚህ መካከል ባቡሩ መጥቶ ቆመ፤ ሰው ወረደ፣ ሰው ተሳፈረ፣ ደወሉ ተደወለ፤ እሱ ከተቀመጠበት አልተነሣም። ባቡሩ ሄደ።

«እንግዲህ ወንዙን ያየ ሰው ነው የሚያስፈልገኝ» አለና ወደ እትዬ ዞረ።

ከጣቢያ ሹሙ ዘንድ ያስቀመጠውን ባለ ሦስት እግር መመልከቻ አውጥቶ ወደ መስኩ ተመለስን። ግራሩ እንዳለ ነው። እትዬ ባላውን አሳየችው። የመለኪያ ዘንጉን እሷው ያዘችለት፤ ቀጥ በይ፣ ወደ ግራ፣ ይበቃል እያለ በመነጽሩ ያያል። እኔ ቋጠሮዋን ይዤ ቆሜያለሁ። ሲጨርስ፣ ችካል ሊተከል በነበረበት ቦታ የረጅም ሰው ደረት የሚያልፍ ውኃ ነው አለ። ግን አንድ ሱሪ ብቻውን ምስክር አይሆንም ብሎ ማዶ ወደሚኖሩት ገበሬ ቤት ተሻገርን። ሽማግሌው በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀሉ፣ ማንም ጠይቋቸው እንደማያውቅ ነገሩት፤ ጎተራቸውን ከታች የቀለመውንም ጭቃ አሳዩት። ሁለቱ ምልክት ተለክቶ አንድ ስንዝር አልተለያየም። ያን ምሽት አማካሪው ጣቢያ ሹሙ ዘንድ አደረ።

የጻፈው ወረቀት ታችኛውን መስክ ከለከለ። የተፈቀደው ከመስኩ በላይ፣ ከመንገዱ በታች ያለው ተረተር ብቻ ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ከዝርዝሩ መጨረሻ የነበሩት ቀሩ። እትዬም ቀረች። ይህ እንደሚመጣ ጣቢያው ድረስ ስትወስደኝ ታውቅ እንደ ነበር ኋላ ጠየቅኋት። «ማን ነው የመጨረሻው ስም? ቁጥር ባላነብም ይህን አውቃለሁ» አለችኝ።

አማካሪው ምክንያቱን ሳልጽፍ አልችልም፣ ስምዎን ግን አልጽፍም ብሎኝ ነበር፤ አልጻፈምም። ግን በአቃቂ ምን ይደበቃል? ሰሌዳውን ማንበብ ለድልድዩ ዘበኛ ተሰጠ። እኔን ወፍጮ ቤት ሲያዩኝ «ሱባኤ ቤት ሆኖ ወንዝ የሚያነበው ጻድቅ መጣ» ይላሉ። ቦታ የቀረባቸው ደግሞ ቀልድ አያውቁም፤ ፊታቸውን ያዞራሉ። የባሰው ነገር፣ ከዚያ ወዲያ ስንት ክረምት ውኃው መስኩ ላይ አልወጣም። ሊቀ መንበሩ በየመስከረሙ «የታል ውኃህ?» ይለኛል። ምን ልበለው? በፊት የዋሸ ሰው ኋላ እውነት ቢናገር ማን ይለይለታል። ባለቤቴም ደብተሩ ይሰቀልባት የነበረችውን ሚስማር ነቅላ ግድግዳውን መረገችው።

ወደ ወንዙ መውረድ ተውኩ። ለሥራ ካልሆነ ከቤት አልወጣም፤ ቤተ ክርስቲያንም ከደጅ ነው የምሳለመው። አንድ ቅዳሜ እትዬ ደጃፌ ላይ መጥታ «ወገቤን አሞኛል፤ ይቺን ቋጠሮ እስከ ወንዝ ያዝልኝ» አለች። ያዝኩላት። ወገቧን ምንም እንዳላመማት አውቄያለሁ። በወፍጮ ቤቱ በር ነው ያሳለፈችኝ። አንዱ የተለመደውን ሲጀምር ቆማ «እኔም አይቼ ዝም ብዬ ነበር፤ እኔንስ ምን ትሉኛላችሁ?» አለችው። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣች፣ በሚቀጥለውም።

ዛሬ ያ መስክ በሙሉ ቤት ነው፤ ፎቅም አለበት። ማን አይቶ እንደ ፈቀደው አላውቅም። ነሐሴ ሲገባና ዝናቡ ሌሊቱን ሳያባራ ሲያድር እንቅልፍ አይወስደኝም። ልጆቼ እርጅና ነው ይላሉ።

ያን ዘመን እንዴት አለፍከው ለሚለኝ ሰው የምመልሰው አንድ ነው። በራሴ አላለፍኩትም። ያሳለፈችኝ ከሐዲዱ በታች የሠራተኛ ቱታ ታጥብ የነበረችው፣ በኔ ደብተር የተነሣ ቤት የቀረባት፣ ያቺ የሦስት ልጆች እናት እትዬ ናት።